ሥራ የፈታ ጥርስ

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

አይጦቹ በክረምቱ ገብተው ከክረምቱ ጋር አልወጡም። ጓዳ ያስቀመጥነውን የሽምብራ ከረጢት ከሥር ነድለውት፣ ማለዳ ማለዳ ወለሉን መጥረግ የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። መርዝ ልገዛ ስል እናቴ ከለከለችኝ። ልጅ ባለበት ቤት መርዝ አይገባም ባይ ናት። ስለዚህ ዛሬ እዚሁ ጎንደር ከቀሐ ወንዝ ማዶ ከምትኖር ዘመዳችን ዘንድ ሁለት የድመት ግልገሎች በዘንቢል ይዘን መጣን።

ሴቷ ድፍን ጥቁር ናት፤ ወንዱ ነጭና ቡላ የተደባለቀበት። ልጄ ገና መንገድ ላይ ስም አወጣችላቸው፦ «ጥቁሬ» እና «ቡሬ»።

«ቡሬ እኮ የበሬ ስም ነው» አለቻት አያቷ።

«ይደግና በሬ ይሆናላ!»

ዘመዳችን እንዳለችን ሦስት ወር ሞልቷቸዋል። ማታ ከጓዳው አስገብተን፣ «በሉ እንግዲህ፣ ከረጢቱን አደራ» ብለን ዘጋንባቸው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የአይጥ ኮሽታ ጠፍቷል። የድመት ሽታ ብቻውን ጓዳውን ያስከበረው ይመስላል። ጣጣው በሌላ በኩል መጣ፤ አይጥ የተወውን ድመት ያዘው። የቻርጀሬ ገመድ ከስፒናው ሥር ተገዝግዞ መዳቡ ብቅ ብሏል። የነጠላዬ ዘርፍ በምራቅ ርሶ ተጣብቋል። የልጄ የሒሳብ ደብተር ጥጉ ሁሉ ተበልቷል፤ አስተማሪዋ «ድመት በላው» ስትል ያምኗት ይሆን? ነጠላ ጫማው፣ የሶፋው ጠርዝ፣ የሬዲዮው ገመድ፣ የካርቶኑ ክዳን፣ ሁሉም ላይ የጥርስ ምልክት አለ።

እናቴን ያስቆጣት ግን መሶቧ ነው። ራሷ በአክርማና በሰንደዶ፣ ቀይና አረንጓዴ አለላ እያስገባች የሰፋችው ነው። ቡሬ እግሩን ዘርግቶ ከመሶቡ ሥር ሲተኛ አየሁትና ቀርቤ ተቀመጥኩ። ሣሩን ሊቦጭቀው አይታገልም፤ አይውጠውምም። አንዷን የአለላ ጫፍ በጎን ጥርሱ ይይዛል፣ አንገቱን ያጋድላል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነከስ፣ ለቀቅ ያደርጋታል። ከዚያ ወደ ሌላኛው መንጋጋው ያዞራታል። ጥፋት ከሚሠራ ይልቅ የሚያሳክከውን የሚያክ ይመስላል።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሚካኤል። ከጠዋት ጀምሮ የቀሐ ዳርቻ በጭስ ታፍኗል፤ ሁሉም የቤቱን ጥራጊ ከደጅ አውጥቶ ያጥናል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሀገሩን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እኛም የተበላውን ካርቶንና የተነደለውን ከረጢት አውጥተን አቃጠልን።

ጎረቤታችን እትዬ ጭሱን እያራገቡ ለሚታኘከው ገመድ መፍትሔ ነገሩኝ። «በርበሬ ቀቢበት ልጄ። አንዴ ከቀመሰችው ዳግመኛ አትደርስበትም። ካልሆነም በጫማ አንድ ሁለቴ በያት።»

ሁለቱም ምክር አልተዋጠልኝም። ድመት አፏን የምታብሰው በመዳፏ ነው፤ በዚያው መዳፍ ዓይኗንም ታብሳለች። የተቀባው በርበሬ ከገመዱ ወደ ዓይኗ፣ ከዓይኗም አልፎ ወደ ልጄ እጅ መሄዱ አይቀርም። ጫማውም ቢሆን የሚያስተምራት እጄን መፍራት ብቻ ነው። ገመዱን ሌሊት ሌሊት፣ እኔ በሌለሁበት ትጨርሰዋለች።

እናቴ አጠገባችን ቁጭ ብላ ጥጥ እያባዘተች ነበር። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለች። «አይጡ ሸሸ፤ እነሱስ ምን ይሥሩ?»

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የነቢያት ጾም ትናንት ገባ። ከዚህ በፊት ያላሰብነው ጉዳይ ዛሬ ፊታችን ተደቀነ፤ እኛ ስንጾም ድመቶቹ ምን ይበላሉ? በየቤቱ ያለው ልማድ የገበታ ትራፊ መስጠት ነው። በጾም የኛ ትራፊ ሽሮና ምስር ሲሆን ሁለቱም ያለ ሽንኩርት አይሠሩም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬ ሆነ የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የተራበ ግልገል ምግብ ያልሆነውንም ማኘኩ የታወቀ ስለሆነ፣ የመሶባችን ጉዳት ከፊሉ ከሆድም ሳይመጣ አይቀርም።

መፍትሔው ከጣና መጣ። ከጎርጎራ በኩል የሚመጣውን ዓሣ የሚሸጡ ሴቶች ዘንድ የቆሮሶና የአምባዛ ራስ በርካሽ ይገኛል። ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅዬ፣ እሾሁን በጣቴ ለቅሜ ሰጠኋቸው። ቡሬ እያጉረመረመ በላ። እናቴ «ጾሙን ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር እነሱን አይመለከትም» ብላ ሳቀች።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ግልገሎቹን ይዤ አፄ ቴዎድሮስ ግቢ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሄድኩ። አህያ፣ በግና ላም ይዘው ከመጡ ገበሬዎች መሐል የድመት ዘንቢል ታቅፎ ወረፋ መጠበቅ ያሳፍራል። አንድ ሽማግሌ ወደ ዘንቢሉ አጎንብሰው አይተው፣ «ምን ነካት? አይጥ አንቋት ነው?» አሉኝ።

ሐኪሟ የቡሬን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ድዱ ቀልቷል፤ ከላይ በኩል ክራንቻው ድርብ ሆኗል። ቀጭኗ የወተት ጥርስ ሳትወድቅ ወፍራሙ አዲስ ጥርስ ከጎኗ ብቅ ብሏል። ድመት ጥርስ ሳይኖራት ትወለዳለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የወተት ጥርስ ማውጣት ትጀምርና 26 ይሆናሉ። ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላት እነዚያ መርገፍ ይጀምራሉ፤ ስድስት ወር ገደማ ሲደርስ 30 ቋሚ ጥርሶች ተተክተው ያልቃሉ። የሚረግፉትን አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ ጋር ስለምትውጣቸው ሰው አያያቸውም። እኛ ቤት የመጡት ልክ በዚህ መሐል፣ ድዳቸው በሚያሳክክበት ወቅት ነው።

«ማኘኩን አታስቀሪውም» አለችኝ። «የሚያኝኩትን ግን መምረጥ ትችያለሽ።» ከዚያ የሚያሰጋትን በቅደም ተከተል ነገረችኝ፤ እኔም በወረቀት ጻፍኩት። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመድ፤ የቤታችን ኃይል 220 ቮልት ነው፣ እርጥብ አፍ ያቃጥላል፣ ይገድላልም። ሁለተኛ ክር፣ ይልቁንም መርፌ የገባበት። የድመት ምላስ ወደ ኋላ ያጋደለ እሾህ ስላለው የገባውን ክር መልሳ መትፋት ይቸግራታል። የተዋጠ ክር አንዱ ጫፉ ከተያዘ አንጀቷን እንደ ከረጢት አፍ ሰብስቦ ይቆርጠዋል። ሦስተኛ የሰው መድኃኒት፤ አንዲት የፓራሲታሞል ፍሬ ድመት ልትገድል ትችላለች፣ ጉበቷ በሚገባ ሊያስወግደው አይችልምና። አራተኛ የአይጥ መርዝ፤ ድመቷ ራሷ ባትነካውም የተመረዘ አይጥ ስትበላ ይደርስባታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውንም እዚያው ወሰዱ። በሽታው በስሙ ለውሻ ተሰጠ እንጂ ድመትም ይይዛታል፣ ታስተላልፋለችም። የማትታወቅ ድመት ሰው ከነከሰች ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በጨዋታም ሆነ በጥርስ ሕመም ልጄን ቢጫጭሩ ልቤ እንዳይሸበር ይህ ክትባት ረድቶኛል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

የገመዱን ሥራ ዛሬ ጨረስኩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያሳልፉበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በሜትር ገዝቼ በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት፤ የቴሌቪዥኑን፣ የፍሪጁንና የምጣዱን ገመድ በየተራ ከተትኩበት። የተረፈውን ከወንበር ጀርባ በግድግዳው ላይ በሚስማር አስያዝኩ። ከወለል የተነሣና የማይወዛወዝ ገመድ ለግልገል አይጥም፤ የሚጠራቸው መወዛወዙ ነው። ቻርጀር ከሥራ በኋላ ከሶኬቱ ተነቅሎ መሳቢያ ይገባል።

በቱቦው ጫፍ፣ ገመዱ ከሚወጣበት ላይ፣ የሎሚ ልጣጭ አሸሁ። ድመት የሎሚ ሽታ አትወድም። ጥቁሬ ቀረብ ብላ አሸተተች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ሄደች። ሽታው በማግሥቱ ስለሚጠፋ ደጋግሞ ማሸት ያስፈልጋል። ይህ ለጊዜው ነው፤ ቋሚው መከላከያ ቱቦው ነው።

መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ ድመቶቹ ምን እንደሚበሉ ይታያል። መብራት ሲመጣ ሁሉም ወደየስልኩ ይበተናል፤ ገመድም ወለል ላይ ይዘረጋል። ስለዚህ አሁን ደንብ ወጥቷል፦ መብራት ሲመጣ ገመድ የሚሰካ ሰው፣ ሲሞላ ራሱ ይነቅላል።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ጥርሳቸው ሥራ ካላገኘ የኛን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራ ሰጠናቸው። ልጄ አሮጌ ካልሲ ውስጥ የጂንስ ቁራጭ ጠቅጥቃ፣ አፉን ሰፍታ ኳስ ሠራች፤ የሰፈር ልጆች የሚራገጡት ዓይነት የካልሲ ኳስ፣ በትንሹ። ለመዋጥ ትልቅ፣ ለማቀፍ ልክ ነው። አንዱን አርጥበን በፍሪጅ እናቀዘቅዘዋለን። ቅዝቃዜው ለድዳቸው እፎይታ ነው፤ ቡሬ በፊት እግሩ አቅፎ በኋላ እግሩ እየደበደበ ያኝከዋል።

ድመት በተፈጥሮዋ ይበልጥ የምትነቃው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከቀሩት ሰዓቶች አብዛኞቹ ለእንቅልፍ ናቸው። ስለዚህ ከእራት በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ልጄ ቀጭን ሸምበቆ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራ ወለሉን እያስጎተተች ታሯሯጣቸዋለች። አንዴ ከሶፋ ሥር፣ አንዴ ከመጋረጃው ጀርባ። በስተመጨረሻ እንዲይዙት ትተወዋለች። ሳይይዙ ከቀሩ ንዴታቸውን በሰው ቁርጭምጭሚት ይወጣሉ። ከዚያ ዓሣቸውን ይበላሉ፣ ይላላሳሉ፣ ይተኛሉ። አድኖ መያዝ፣ መብላት፣ መተኛት ነው ቅደም ተከተሉ። ሌሊቱን ደብተርም መሶብም የሚነካ የለም። ጨዋታው ሲያበቃ ሸምበቆው ቁም ሣጥን ላይ ይሰቀላል፤ ክር ያለበት ነገር ያለ ጠባቂ አይተውም።

እጃችንን ሲነክሱ መሳቅ አቁመናል። በጣት የተጫወተ ግልገል አድጎም በጣት መጫወቱን ይቀጥላል፤ ያኔ ጥርሱ ሌላ ነው። ሲነክሱ እጃችንን አንነጥቅም፤ እጅ ሲሸሽ የሚታደን ይመስላቸዋል። ዝም ብለን ኳሱን ወደ አፋቸው እናስጠጋለን።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ከአሜሪካ ደወለ። የሥራ ባልደረባው «አቢሲኒያን» የሚባል ዘር ድመት ገዝቶ፣ «የሀገርህ ልጅ ናት» እያለ ያሾፍበታል። ስለ ድመቶቻችን ስነግረው፣ «የሱም መጋረጃና ገመድ እየበላች አስቸግራዋለች» አለኝ።

ወሬው አይሎ ወደ ታሪኩ ወሰደን። የእንግሊዝ ጦር በናፒየር መሪነት ዙላ ወደብ ላይ ወርዶ መቅደላን የያዘው፣ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አግዘው መቅደላ ያከማቹት የብራና መጽሐፍ ተዘርፎ በዝሆንና በበቅሎ ወረደ። ከዚያ ዘመቻ ከተመለሱት ጋር እንግሊዝ ገባች የተባለች አንዲት ድመት ነበረች፤ ስሟም «ዙላ»። በ1874 እ.ኤ.አ. ጎርደን ስቴብልስ የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም ስለ ድመት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሏ ወጣ፤ «የአቢሲኒያ ድመት» የሚለው ስምም እየተለመደ ሄደ። የዘረመል ጥናት ግን የዚህች ዘር መነሻ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወዳሉ ሀገሮች ያመለክታል፤ ዛሬ የምትታወቀው መልኳም እንግሊዞች መርጠው ያዳቀሉት ነው። ስማችንን ይዛ የምትዞር የሌላ ሀገር ልጅ ናት ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከቡሬና ከጥቁሬ ጋር ያዛምዳታል። አርቢዎቿ ሁሉ የሚመሰክሩት መሯሯጥና መፈተሽ የማይሰለቻት መሆኗን ነው። ሥራ ካልተሰጣት የባለ ገንዘቡም ቤት ይበላል። ወንድሜን ለባልደረባው የካልሲ ኳስ እንዲሠራለት መከርኩት።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ እናቴ ጮኸች። ፈትሏን ከነእንዝርቱ አልጋው ላይ ትታ ወደ ደጅ ወጣ ብላ ነበር። ስትመለስ ጥቁሬ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ምራቋ ይዝረበረባል፤ ከከንፈሯ ጎን የጣት ያህል ክር ተንጠልጥሏል። እናቴ ልትስበው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። የሐኪሟ ቃል ትዝ ብሎኝ ነው፤ የሚታየው ጫፍ ቢሆንም የማይታየው አንጀት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል የተሳበ ክር እንደ መጋዝ ይቆርጣል።

ጥቁሬን በፎጣ ጠቅልዬ በባጃጅ አፄ ቴዎድሮስ ግቢ በረርኩ። ሐኪሟ መንጋጋዋን ከፍታ ምላሷን በጣቷ ከሥር ወደ ላይ ገፋችው። እዚያ፣ ምላሱ ከወለሉ ጋር ከሚያያዝበት ሥር፣ ክሩ ዞሮ ጠልፎ ነበር፤ ሥጋውም ቀላ ብሎ ተሰምሯል። በቀጭን መቀስ ቆረጠችው፤ በአንዱ በኩል የቀረው አጭር ስለነበር በቀላሉ ወጣ። «ቶሎ መጣሽ» አለችኝ። «ክር የዋጠ ድመት ምላሱ ሥር ካልታየ፣ ሰው ‹ምግብ ጠላ› እያለ ቀን ይቆጥራል።» ማስመለስ፣ መብላት ማቆም፣ መጎበጥ ካየሁ በዚያው ቀን እንድመለስ አዘዘችኝ።

ማታ እናቴ ፈትሉንም ባዘቶውንም ክዳን ባለው ሙዳይ ከታ ከቁም ሣጥኑ አናት አስቀመጠች። ወስፌና መርፌዋንም ጨመረችበት። «ለልጅ ያልደበቅሁትን ለድመት ደበቅሁ» ትላለች፤ ግን በየማታው ክዳኑን ሁለቴ ትፈትሻለች።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ገና በሰላም አለፈ። ከዶሮ ወጡ ለድመቶቹ አልደረሳቸውም፤ ሽንኩርቱ ይበቃል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ ይወጋል። ወጥ ውስጥ ሳይገባ ለብቻው የተቀቀለ ሥጋ ሰጠናቸው።

ትናንት ለእንኳን አደረሳችሁ የመጣችው ዘመዳችን እሷ ዘንድ የቀረውን ሦስተኛ ግልገል ይዛ መጥታ ነበር፤ እትዬ ወሰዱት። የሳቸውም ጓዳ አይጥ አለው።

ጥር 4፣ ሰኞ

ጥቁሬ የመጀመሪያዋን አይጥ ያዘች። ገና ጎሕ ሲል ጓዳው ውስጥ ትርምስ ሆነ፣ ከዚያ ዝም። በሩን ስከፍት አይጧን በጥርሷ ይዛ ታጉረመርማለች፤ ቡሬ ራቅ ብሎ ያያታል። አዲሶቹ ክራንቻዎቿ ነጭና ሙሉ ሆነዋል፤ የቡሬም ድርብ ጠፍቷል። ያ ሁሉ የመሶብ መቀርጠፍ፣ የካልሲ ኳስ ማነቅ ወዴት ሲሄድ እንደነበር ዛሬ ታየ።

ደስታው ሥጋት አስከተለ። ከጀርባችን ያሉት ጎረቤቶች በአጥር ሥር የአይጥ መርዝ እንደሚጥሉ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ዳቦ ይዛ ሄደች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ስትመለስ ግን «ድመቶቹ በሁለቱም ግቢ ያድናሉ፣ እነሱም መርዙን ይተዋሉ» አለችኝ። ስምምነቱ ለሁሉም ይበጃል፤ የነሱ ዶሮዎችም አጥር ሥር ይጭራሉ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ነገ ከተራ ነው። የቀሐ ውኃ በቦዩ ተስቦ የፋሲለደስ መዋኛን ሞልቶታል፤ ከየሀገሩ የመጣ እንግዳ በመንገዱ ይተራመሳል። እኛም ዘንድ ከአዲስ አበባ ዘመዶች ገብተዋል፤ በእያንዳንዱ ሶኬት አንድ ቻርጀር ተሰክቷል። ልጄ በር ላይ ቆማ ለሚገባው ሁሉ ደንቡን ታነባለች፦ ገመድ ከወለል ይነሣ፣ መድኃኒት ቦርሳ ይግባ፣ ቦርሳ ይዘጋ፣ ዘርፍ ያለው ነጠላ ይሰቀል። አንዲት አክስቴ፣ «እኛ የመጣነው ለጥምቀት ነው ወይስ ለፍተሻ?» አለች። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቀጤማ ግን ግልገሎቹ እንደ ልባቸው ያኝካሉ። ሣር ማኘክ ለድመት ነውር አይደለም፤ የበዛበት ያስመልሰዋል፣ ያ ነው ጣጣው።

ጥር 13፣ ረቡዕ

እንግዶቹን ሸኝተን ቤቱን ስንጠርግ እትዬ መጡ። የነጠላቸውን ዘርፍ በእጃቸው ይዘው፣ «የኔው ጉድ ደግሞ ጥለቱን ሊበላው ነው» አሉ። የቴሌቪዥናቸውም ገመድ ተነክሷል።

«በርበሬውስ?» አልኳቸው።

«ሞከርኩት። እሱ ሁለት ቀን ዓይኑን ሲያሽ ከረመ፤ ገመዱን ትቶ ሶፋውን ያዘው።»

ከተረፈው ቱቦ ለገመዳቸው የሚበቃ ቆረጥኩላቸው። ልጄ አንድ የካልሲ ኳስ አመጣች፤ ከእራት በፊት ሩብ ሰዓት እንዲያጫውቱትም አዘዘቻቸው። ግልገሉ ክትባት እንዳልወሰደ ስሰማ ዓርብ አብረን አፄ ቴዎድሮስ ግቢ ልንወስደው ተስማማን። እናቴ እስከ በር ሸኘቻቸው።

«በርበሬሽንማ» አለቻቸው፣ «ለሽሮሽ አቆዪው፤ ዋጋውንም አይተሽዋል።»